ደጋፊው የሚያለቅስበት ደቂቃ አለው፤ ተጫዋቹስ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ የሳዑዲው አል ሂላልና የብራዚሉ ፍሉሚኔንስ በክለቦች የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ለመገናኘት ሜዳ ገቡ። ከጨዋታው በፊት የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ካሜራው የአል ሂላልን ተጫዋቾች ሲቃኝ ፖርቹጋላዊው ሩበን ኔቬስ እያለቀሰ ነበር። የአገሩ ልጅ ዦአዎ ካንሴሎም እንባውን መግታት አልቻለም። ጸሎቱ አለቀ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ኔቬስም ኳስ ሊጫወት ሄደ። ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። እርሱ ግን የሽንፈቱን ነገር ለሌሎች ትቶ አትላንቲክን አቋርጦ በማግስቱ ፖርቹጋል፣ ጎንዶማር ደረሰ፤ የጓደኛውን የዲዮጎ ጆታን የሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ሆነ።

የሊቨርፑልና የፖርቹጋል አጥቂ የነበረው ጆታ ያረፈው ከዚያ ጨዋታ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የሳንባ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ስለነበር አውሮፕላን እንዳይሳፈር ተመክሯል፤ ስለዚህ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ለመሻገር ከወንድሙ ከአንድሬ ጋር በመኪና ወደ ስፔኗ ሳንታንደር እየተጓዘ ነበር። ዛሞራ አካባቢ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በእሳት ተያያዘች፤ ሁለቱም ሞቱ። የሦስት ልጆቹን እናት በይፋ ካገባ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስላየነው ኀዘን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው «እግር ኳስ አንድ ቤተሰብ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ያልቃል። እኔ ይህ አባባል አንድ ዋና ነገር የሚሸፍን ይመስለኛል። በስታዲየም ውስጥ የሚያዝኑት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ኀዘናቸውም አንድ አይደለም። ለደጋፊው ኀዘን እግር ኳስ በረጅም ዘመን ሥርዓት ሠርቶለታል፦ ደቂቃ አለው፣ ቁጥር አለው፣ መዝሙር አለው፣ አበባ የሚያኖርበት ቦታ አለው። ለተጫዋቹ ግን እስካሁን ምንም አልተሠራለትም። እንዲያውም የደጋፊው ሥርዓት የሚፈጸመው ተጫዋቹ ሥራ ላይ እያለ ነው።

በመጀመሪያ የደጋፊውን እንይ። አንድ ታዋቂ ተጫዋች በሞተ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ አንድም ቀን ጨብጠውት ለማያውቁት ሰው ይህ ሁሉ እንባ ከየት መጣ? ጥያቄው ብልህ ይመስላል፤ አይደለም። ደጋፊ አንድን ተጫዋች በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ለዓመታት ያየዋል። አሯሯጡን ከላይኛው መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ የማሊያውን ቁጥር ሳያነብ ይለየዋል። ሲናደድ እጁን እንዴት እንደሚያወናጭፍ፣ ከጉዳት ሲመለስ የትኛውን እግሩን እንደሚሳሳለት ያውቃል። ብዙ ሰው የገዛ አጎቱን እንኳን ይህን ያህል አተኩሮ አይቶት አያውቅም። ከዚያም በላይ የራሱን ዕድሜ የሚቆጥረው በእርሱ ጎሎች ነው፤ ሥራ የያዘው፣ ልጅ የወለደው፣ አባቱን የቀበረው በየትኛው የውድድር ዘመን እንደሆነ ጎሎቹን ተከትሎ ያስታውሳል።

ደጋፊ ለመለያየትም የተዘጋጀ ሰው ነው። ተጫዋች ለሌላ ክለብ ይሸጣል፣ ይጎዳል፣ ያረጃል፣ ጫማ ይሰቅላል፤ ለዚህ ሁሉ የለመደው ቁጣና ትካዜ አለው። ያልተዘጋጀው ለዚህ ብቻ ነው፦ ከእርሱ የሚያንስ፣ ጤናማ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሲሮጥ ያየው ሰው በድንገት ሲሞት። ሊቨርፑል የጆታን መርዶ የሰማው ደግሞ በክረምት ዕረፍት መካከል ነበር፤ ጨዋታ የለም፣ የሚሰበሰቡበት ምክንያት የለም። ሰዉ ግን ወደ ተዘጋው ስታዲየም ሄደ። ከአንፊልድ ውጭ አበባው፣ ሻርፑ፣ ማሊያው፣ የሕፃናት ጽሑፉ እየተነባበረ ሄደ። በኋላ ክለቡ አበቦቹ በስብሰው በግቢዎቹ ውስጥ ላሉ የአትክልት መደቦች እንዲውሉ አደረገ፤ በዚህ ኀዘን ውስጥ ከሰማኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ጸጥ ያለውና የሚያምረው ይኼ ነው።

ከአበቦቹ መካከል የከተማው ባላንጣ የኤቨርተን ሰማያዊ ማሊያና ሻርፕም ነበር። ጆታ ለሊቨርፑል ያገባው የመጨረሻ ጎል በኤፕሪል 2 ቀን 2025 የተቆጠረ ሲሆን ጨዋታውን 1 ለ 0 የጨረሰ ነበር፤ የተቆጠረበትም ክለብ ኤቨርተን ነው። በዚያ ምሽት የረገሙት ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ አበባ ይዘው መጡ። በዚያች ከተማ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የሊቨርፑል ደጋፊዎች በስታዲየም ውስጥ ተጨፍልቀው ከሞቱበት ከሂልስቦሮው አደጋ በኋላ የሁለቱን ክለቦች ሻርፖች እየቋጠሩ በመካከላቸው ያለውን መናፈሻ ተሻግሮ ከስታዲየም ስታዲየም የሚደርስ ሰንሰለት ሠርተው ነበር።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነውና።

ድሮ የነበረው የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ብቻ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ ከዚያ ፊሽካ ይነፋል። ጸጥታን ለማፍረስ ግን አንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ኦገስት 10 ቀን 2025 ሊቨርፑልና ክሪስታል ፓላስ የእንግሊዝ የውድድር ዘመን መክፈቻ ለሆነው ለኮሚዩኒቲ ሺልድ ዋንጫ ዌምብሌይ ላይ ሲገናኙ ለጆታና ለወንድሙ የታወጀው ጸጥታ ከፓላስ ደጋፊዎች በኩል በተሰማ ጩኸት ተረብሾ፣ ዳኛው ሰዓቱ ሳይሞላ ለማቋረጥ ተገደዱ። የሊቨርፑል አሠልጣኝ አርነ ስሎት ሲጠየቁ ያለመቆጣታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የጮኹት ሰዎች ጸሎት መኖሩን ሳያውቁ ይሆናል፣ ሌሎቹ ደግሞ እነርሱን ዝም ለማሰኘት ሲሞክሩ ጩኸቱ ባሰ የሚል ነበር መልሳቸው። ይህ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ መካከል «ዝም በሉ!» የሚል ድምፅም ያው ጩኸት ነው።

በእንግሊዝ ስታዲየሞች ጭብጨባው የተለመደው፣ በተለይም የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ ኮከብ ጆርጅ ቤስት እ.ኤ.አ. በ2005 ካረፈ ወዲህ፣ በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጭብጨባን የሚያበላሽ የለም፤ ክፉ የሚናገረውም ድምፁ ይዋጣል። ከዚያ ጭብጨባው ከጨዋታው በፊት መሆኑ ቀርቶ ሟቹ ይለብሰው በነበረው ቁጥር ደቂቃ ላይ ወደ ጨዋታው ውስጥ ገባ። የፊዮረንቲናው አምበል ዳቪዴ አስቶሪ በማርች 2018 ኡዲኔ ውስጥ ባረፈበት ሆቴል ሞቶ ሲገኝ፣ ደጋፊው በ13ኛው ደቂቃ አጨበጨበ። በስፔን የኤስፓኞል ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በልምምድ ጉዞ ላይ ልቡ ቆሞ በ26 ዓመቱ ለሞተው አምበላቸው ለዳኒ ሃርኬ በ21ኛው ደቂቃ ይነሳሉ፤ ይህን ማድረግ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሃርኬን ሲጫወት አይተው የማያውቁ ልጆችም ከአባቶቻቸው ጋር አብረው ያጨበጭባሉ።

ለደጋፊው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም። ኀዘኑ ቀጠሮ አለው፤ ከቀጠሮው በፊት ቢራውን ይጠጣል፣ ዳኛውን ይሰድባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። አሁን ግን በዚያው ደቂቃ ላይ ሜዳው ውስጥ ያለውን ሰው አስቡት። ኳሱ አልቆመም። የተጋጣሚው የክንፍ አጥቂ በጎኑ እየሮጠ ነው፤ ከኋላው የሟች ጓደኛው ስም ይዘመራል። ማልቀስ አይችልም፤ ቢያለቅስ ኳሱን ያጣዋል። አለመስማትም አይችልም። የቀድሞው ጸጥታ ምንም ቢሆን ለተጫዋቹ እጁን ከጓደኞቹ ትከሻ ላይ ጥሎ አንገቱን የሚደፋባት አንዲት ደቂቃ ትሰጠው ነበር። የዘመኑ ጭብጨባ ያችንም ወስዶ ለመቀመጫዎቹ ሰጣት።

ኦገስት 15 ቀን 2025፣ ጆታ ከሞተ በ43ኛው ቀን፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንፊልድ ላይ በሊቨርፑልና በቦርንማውዝ ጨዋታ ተከፈተ። በመቀመጫዎቹ ላይ የጆታ የስሙ መነሻ ፊደላትና 20 ቁጥር፣ እንዲሁም የአንድሬና የ30 ቁጥሩ በካርድ ተሠርተው ታዩ። ጸጥታው በሥርዓቱ አለፈ። በ20ኛው ደቂቃ መዝሙሩ ተነሳ። በ29ኛው ደቂቃ ጨዋታው ቆመ፦ የቦርንማውዙ አንትዋን ሰሜንዮ ከመቀመጫዎቹ አካባቢ የዘር ስድብ እንደተሰነዘረበት ለዳኛው ተናግሮ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ስለ እግር ኳስ ቤተሰብነት መጻፍ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ በዚህ ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ቢያስብ ጥሩ ነው። ሰሜንዮ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጎል አስቆጠረ፤ ሊቨርፑል ግን በመጨረሻ 4 ለ 2 አሸነፈ፤ አራተኛዋን ሞሐመድ ሳላህ አገባት።

ከዚያ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሳላህ ቀረ። ኮፕ በሚባለው የደጋፊዎች ወገን ፊት ለፊት ብቻውን ቆመ፤ ሕዝቡ የጆታን መዝሙር እየዘመረ ነው፤ ሳላህ ያጨበጭባል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እንደገና ያጨበጭባል። በጁላይ ወር ከዕረፍት በኋላ ወደ ሊቨርፑል መመለስ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር ብሎ የጻፈው እርሱ ነው። ሥዕሉ ዓለምን ዞረ፤ ሰውም «ምን ዓይነት ፍቅር ነው» አለ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሥራውን ጨርሶ፣ ጎሉን አግብቶ፣ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ የማንም ባልሆነ ሰዓት ውስጥ ብቻውን ሊያለቅስ የሚሞክር ሰው ነው ያየሁት፤ ያም ሰዓት በካሜራ ፊት ሆነበት።

የጨዋታ ሕጉ ራሱ ይህን ልዩነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንድሬስ ኢንዬስታ በ116ኛው ደቂቃ ስፔንን ሻምፒዮን ያደረገችውን ጎል ሲያገባ ማሊያውን አወለቀ፤ በውስጥ ልብሱ ላይ በእጅ የተጻፈው «ዳኒ ሃርኬ፣ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር» ይል ነበር። ዳኛው ቢጫ ካርድ አሳዩት። ዳኛው አልተሳሳቱም፤ ማሊያ ያወለቀ ቢጫ ያያል፤ ሕጉ ለደስታና ለኀዘን አይለይም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሊዮኔል ሜሲ ማራዶና በሞተ በአራተኛው ቀን ጎል አግብቶ ከባርሴሎና ማሊያ ሥር የደበቀውን፣ ማራዶና በአንድ ወቅት የለበሰውን የአርጀንቲናውን ክለብ የኒውልስ ኦልድ ቦይስን ማሊያ ሲያሳይ ቢጫም አየ፣ 600 ዩሮም ተቀጣ። ሕጉ ይለወጥ የምል ሰው አይደለሁም፤ ቢለወጥ በሳምንቱ ስንት ማስታወቂያ በውስጥ ልብስ ተጽፎ እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። ሆኖም ነገሩን አስተውሉት፦ ሕዝቡ የሚያዝነው በፕሮግራም ነው፣ ይፈቀድለታል። ተጫዋቹ በራሱ ጊዜና በራሱ መንገድ ሲያዝን ጥፋት ይሆንበታል። በነገራችን ላይ ኢንዬስታ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የባርሴሎና ባላንጣ ወደሆነው ኤስፓኞል ስታዲየም ሲሄድ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ ቡድኑ 5 ለ 1 እያሸነፋቸው። አንዲት ቢጫ ካርድ ይህን ከገዛች ርካሽ ናት።

ከሕጉ ይልቅ ጨካኙ የጨዋታ መርሐ ግብሩ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን የያዘው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከስክሶ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ዩናይትድ በ13ኛው ቀን ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር ተጫወተ። ለዚያ ቀን በታተመው የጨዋታ ፕሮግራም የሼፊልድ ተጫዋቾች ስም በየቦታቸው ሰፍሯል፤ በዩናይትድ በኩል ግን አሥራ አንዱም ቦታ ባዶ ነው። ሲታተም ማን እንደሚጫወት የሚያውቅ አልነበረም። ወደ 60,000 የሚጠጋ ሕዝብ ያንን ባዶ ገጽ ይዞ ገባ፤ ብዙዎችም የሚሰለፉትን ልጆች ስም በእጃቸው ጻፉበት። በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ገጽ የበለጠ እውነተኛ የኀዘን መግለጫ አላየሁም፤ ማንም ለሐዘን ብሎ ስላላሰበው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2003 ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎዬ ሊዮን ላይ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት፣ በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ወደቀ፤ አልተነሳም። ካሜሩን በሦስተኛው ቀን ፍጻሜውን ከፈረንሳይ ጋር ተጫወተች፤ ጓደኞቹ ትልቅ ፎቶግራፉን ይዘው ሜዳ ገቡ። የሲቪያው አንቶኒዮ ፑዌርታ ኦገስት 28 ቀን 2007 በ22 ዓመቱ ሲሞት፣ ቡድኑ ከሦስት ቀን በኋላ ሞናኮ ላይ ከኤሲ ሚላን ጋር ለአውሮፓ ሱፐር ካፕ ተሰለፈ። የሁለቱም ቡድኖች ተጫዋቾች በጀርባቸው ላይ የእርሱን ስም ለብሰው ተጫወቱ። የሲቪያ ልጆች የቀበሩትን ሰው ስም ለብሰው ሮጡ፤ ተሸነፉም።

መርሐ ግብሩ የማይቆም ነገር ነው የሚል ካለ ቆሞ ያውቃል። አስቶሪ በሞተ ቀን የጣሊያን ሴሪ አ የዕለቱን የቀሩ ጨዋታዎች ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በኮሎምቢያዋ ከተማ በሜደዪን የሆነው ነው። ኖቬምበር 28 ቀን 2016 የብራዚሉ ሻፔኮኤንሴ ለኮፓ ሱዳሜሪካና ፍጻሜ ወደ ኮሎምቢያ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ 71 ሰዎች ሞቱ። ጨዋታው ሊደረግ በታሰበበት ምሽት የተጋጣሚው የአትሌቲኮ ናሲዮናል ደጋፊዎች ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው ስታዲየሙን ሞሉት፤ ጨዋታ በሌለበት። ክለባቸውም ዋንጫው ለሻፔኮኤንሴ ይሰጥ ብሎ ጠየቀ፤ ተሰጠም። ልብ በሉ፤ ይህን ያሰበው የውድድሩ ባለቤት አይደለም፣ ተጋጣሚው ነው። በሌላ በኩል በጁን 2021 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ በጨዋታ መካከል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ መትረፉ እንደተሰማ ለዴንማርክ ተጫዋቾች የቀረበላቸው ምርጫ ጨዋታውን ያንኑ ማታ ወይም በማግስቱ እኩለ ቀን መጨረስ ነበር። አሠልጣኛቸው በኋላ መጫወት አልነበረባቸውም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ጓደኛውን ሞቶ ነበር ብሎ ያሰበን ሰው ምን ሰዓት ይመችሃል ብሎ መጠየቅ ምርጫ መስጠት አይባልም።

ስለ ገንዘቡ አንዲት ነገር ብቻ ልበል። ከፈረንሳዩ ናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ የተዛወረውን አጥቂ ኤሚሊያኖ ሳላን የያዘች ትንሽ አውሮፕላን ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ስትበር ባሕር ውስጥ ገባች። ናንት 9 ቁጥሩን ለእርሱ ክብር አነሳ፤ ደጋፊዎቹ አለቀሱ። ሁለቱ ክለቦች ግን በዝውውር ክፍያው ለዓመታት በፊፋና በስፖርት ገላጋይ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። የፓይለቱ አስከሬን ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ለእርሱም የሚጨበጨብበት ደቂቃ የለውም። በጆታም ኀዘን «ጆታና ወንድሙ» የሚለውን ስንት ጊዜ አነበብን? ወንድሙም ተጫዋች ነበር፤ አንድሬ ሲልቫ፣ 25 ዓመቱ፣ በፖርቹጋል ሁለተኛ ሊግ የፔናፊየል አጥቂ። የሊቨርፑሉ አንድሪው ሮበርትሰን ቀብሩ ላይ የተሸከመው የአበባ ጉንጉን 30 ቁጥር ያለበት ነበር፤ አንፊልድ ላይም ስሙ ሳይቀር ተጻፈ። በዚህ በኩል ደጋፊዎቹ ከጋዜጦቹ የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ደጋፊው የሚሳሳተው የተጫዋቹን ኀዘን መለካት ሲጀምር ነው። የጆታ ቀብር በተፈጸመ በሰዓታት ውስጥ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚል ቆጠራ ተጀመረ። የፖርቹጋሉ አምበል ክሪስቲያኖ ሮናልዶ አልተገኘም፤ ተብጠለጠለ። ከወራት በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ አባቱ ከሞተ ወዲህ መቃብር ስፍራ እንዳልሄደ፣ እርሱ በሚሄድበት ሁሉ ግርግር እንደሚከተልና ትኩረቱን ወደ ራሱ ለመሳብ እንዳልፈለገ ተናግሯል። ምክንያቱን የማይቀበል ይኖራል። እኔን የገረመኝ ግን አንድ ሰው ለሞተ ጓደኛው ያለውን ስሜት በቴሌቪዥን ቀርቦ ማስረዳት መገደዱ ነው። መጥቶ ቢሆንስ? ካሜራው ከሬሳ ሳጥኑ ይልቅ እርሱን ይከተል እንደነበር አያጠራጥርም፤ ያኔም «ለመታየት ነው የመጣው» የሚል አይጠፋም ነበር።

ስሎት በጁላይ ወር ልምምድ ሲጀመር ለተጫዋቾቻቸው ያሉት በዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ሁሉ ቀጥተኛው ነው፦ ልምምድ መሥራት የፈለገ ይሥራ፣ ያልፈለገ አይሥራ፤ ስሜታችሁ ከሚላችሁ ሌላ ሰው ለመሆን አትሞክሩ። ችግሩ ይህ የሚሠራው እስከ ኦገስት ድረስ መሆኑ ነው። ሊጉ ሲጀመር «ያልፈለገ አይሥራ» የሚል ዓንቀጽ የለም። ሊቨርፑል በአዲሱ ዘመን ከኮሚዩኒቲ ሺልዱ በኋላ ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን ሰባት የውድድር ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ከዚያ ተገለበጠና በኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከ12 ጨዋታዎች በዘጠኙ የተሸነፈ ቡድን ሆነ። አዳዲስ ተጫዋቾች ነበሩ፣ የተከላካይ ክፍሉ ቀዳዳ ነበረው፣ ተንታኙ ሁሉ ስለ አሰላለፍ ተናገረ። ስሎት ስለ ጆታ ሲጠየቁ ምን ያህል እንደጎዳቸው መለካት እንደማይቻልና ለሽንፈት ምክንያት አድርገው እንደማያቀርቡት መለሱ። ከክብር የመጣ መልስ ነው። ይሁንና ሌላ ጉዳትማ ምክንያት ይሆናል፤ የጉልበት ጅማት የተበጠሰበት ተከላካይ በእያንዳንዱ ሽንፈት ይነሳል፤ ማንም አያፍርበትም። የተሰበረ ልብ ግን የሕክምና ክፍሉ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ሮበርትሰን ይህን በአንድ ምሽት ገለጠው። ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ስኮትላንድ በግላስጎው ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፋ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንዶች የዓለም ዋንጫ አለፈች። ሕዝቡ በደስታ አብዷል። አምበሉ ለቴሌቪዥን ሊናገር ሲቆም ቀኑን ሙሉ ጓደኛውን ጆታን ከአእምሮው ማውጣት እንዳልቻለ፣ ውስጡ ተሰባብሮ እንደዋለና ከቡድን ጓደኞቹ ግን በደንብ እንደደበቀው ተናገረ። ሁለቱ ስለ ዓለም ዋንጫ ብዙ ያወሩ ነበር፤ በ2022 ጆታ በጉዳት፣ እርሱ ደግሞ አገሩ ባለማለፏ ቀርተውበት ነበርና። ጆታ ከሞተ አራት ወር ተኩል አልፏል። የ20ኛ ደቂቃ መዝሙር በየጨዋታው ተዘምሮ፣ የማሊያው ቁጥር ተሰቅሎ፣ አበባው አፈር ሆኖ፣ አንድ ሰው ለአገሩ ትልቁን ጨዋታ ሊጫወት በሚዘጋጅበት ሆቴል ውስጥ ፊቱን ከጓደኞቹ እየደበቀ ነበር።

ቁጥሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ያስገረመኝን ልጨምር። ሊቨርፑል 20 ቁጥርን በወንዶች፣ በሴቶችና በታዳጊዎች ቡድኖች ሁሉ ዳግም እንዳይለበስ ወሰነ፤ ጆታ ያንን ቁጥር ለብሶ ክለቡን ሃያኛውን የሊግ ዋንጫ እንዲያነሳ ረድቶ ነበርና ቁጥሩ ሁለት ትርጉም ይዟል። ማንቸስተር ሲቲ የፎዬን 23፣ ፊዮረንቲና የአስቶሪን 13 እንዲሁ አንስተዋል። ይህ ባዶ የመተው ኀዘን ነው፤ ለደጋፊው ይስማማዋል፣ ማሊያውን ለብሶ ሜዳ የሚገባው እርሱ አይደለምና። የፖርቹጋል ብሔራዊ ቡድን ሌላ መንገድ መረጠ። ጆታ ለአገሩ ይለብሰው የነበረውን 21 ቁጥር ባዶ አላስቀረውም፤ ለኔቬስ ሰጠው። ኦርላንዶ ላይ ሲያለቅስ ላየነው፣ ሳጥኑን ለተሸከመው። የሞተ ጓደኛን ቁጥር በጀርባ መልበስ ክብር ነው ወይስ ሸክም ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ለሌላ ሰው ሸክም ይሆን ነበር። ለኔቬስ ግን ሥርዓት ያጣው የተጫዋቹ ኀዘን የራሱን ማደሪያ ያገኘ ይመስለኛል፤ ማንም ሳያስጨበጭብ፣ ከመሐል ሜዳ ኳስ እያከፋፈለ፣ ቁጥሩን ይዞ ይሮጣል።

ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ሊዝበን ላይ ፖርቹጋል ከአየርላንድ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትጫወት ጎል አልገባም አለ። ሮናልዶ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ሕዝቡ 21ኛው ደቂቃ ካለፈው ቆይቷል፤ አሁን የሚያስበው ስለ ነጥቡ ነው። በባከነ ሰዓት ከቀኝ በኩል ኳስ ተሻገረች፤ ኔቬስ ዘለለና በግንባሩ መታት። ለአገሩ የዓመታት ተጫዋች ሲሆን አንድም ጎል አግብቶ አያውቅም ነበር። ሰዓቱ 91ኛው ደቂቃ ላይ ነበር።